የኮሌጅ ፉትቦል ጌም እውነት የሚመስለው ምኑ ላይ ነው?

የኮሎምበሱ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ማታ አንድ ነገር ገጠመኝና እንቅልፍ ነሳኝ። እሱን ነግሬያችሁ ጥያቄዬን ልጠይቅ።

ኮሌጅ ፉትቦል 26 በሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቪዲዮ ጌም ላይ ዳይናስቲ ይዣለሁ፤ አንድ ቡድን ይዞ ለብዙ ሲዝን ማሠልጠን ማለት ነው። ቡድኔ ኬንት ስቴት ነው። ለማታውቁት፣ እዚሁ ኦሃዮ ያለ ትንሽ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አሥራ ሁለት ጨዋታ አድርጎ አሥራ ሁለቱንም ተሸንፏል። አውቄ ነው የመረጥኩት። ከታች ተነስቶ ሲያድግ ማየት እወዳለሁ።

ሁለተኛው ሲዝን ላይ ኦሃዮ ስቴት ሜዳ ሄድን። ሰዉ «ሆርስሹ» የሚለው፣ 102,780 ሰው የሚይዘው ስታዲየም ነው። አራተኛው ኳርተር ላይ በሦስት ነጥብ ብቻ ነው የበለጡን። ሦስተኛ ዳውን፣ ማለትም ሦስተኛው ሙከራ፣ ሰባት ያርድ ይቀራል። ኳርተርባኬ፣ ኳሱን የሚወረውረው ልጅ፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። ተመልካቹ ብድግ አለ። ስክሪኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተቀባዮቼ በየት በኩል እንደሚሮጡ ለማየት ቁልፉን ተጫንኩ። መስመሮቹ ይወላገዳሉ። ማን ወዴት እንደሚሄድ መለየት አቃተኝ። ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል። ስድስት፣ አምስት፣ አራት። እጄን አላበኝ። ታይም አውት ጠራሁና ኮንትሮለሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናዬ ሰው አመላልሳለሁ። ጨዋታ ባለበት ቀን ሌን አቬኑ ላይ ስቆም፣ መስኮቱን ዘግቼ እንኳ ያ ጩኸት ደረቴን ያንኳኳዋል። እንግዳ ሆነው የመጡት ልጆች በዚህ ሁካታ መሀል እንዴት ይደማመጣሉ እያልኩ ሁሌ እገረም ነበር። ትናንት ገባኝ። አይደማመጡም። ለዚህ ነው በእጅ ምልክት የሚነጋገሩት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሁላችንም «ጌሙ እውነት ይመስላል» እንላለን። ምኑ? የተጫዋቹ ፊት ነው? ላቡ ነው? ሣሩ ነው? እኔ ግን በዓይን ስለሚታየው አይመስለኝም። እዚያ የቆመው ልጅ የሚሰማው ፍርሃት እኔንም ሶፋዬ ላይ ሲይዘኝ፣ ያኔ ነው እውነት የሚሆነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ዳላስ_75፦

ወንድሜ፣ ኬንት ስቴትን መርጠህ መጀመርህ ደስ ይላል። ግን እኔ በዚህ አልስማማም። ጩኸቱና መንቀጥቀጡ ጥሩ ነው፤ ቅመም ነው። ወጡ ግን ሌላ ነው። ለኔ እውነት የሚባለው ጨዋታው የኮሌጅ ጨዋታ መሆኑ ነው። የፕሮ ጨዋታ የኮሌጅ ማሊያ አልብሰው ቢሸጡልኝ አልገዛም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሜዳው መሀል ላይ ሀሽ ማርክ የሚባሉ ሁለት ረድፍ ምልክቶች አሉ። ኳሱ ሁልጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ወይም በመሀላቸው ነው የሚቀመጠው። በኮሌጅ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 40 ጫማ ነው። በኤንኤፍኤል፣ በፕሮው ሊግ፣ 18 ጫማ ከ6 ኢንች። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ጨዋታውን ሁሉ የሚቀይረው እሱ ነው። ኳሱ አንዱ ዳር ላይ ሲቀመጥ በሌላው በኩል ሰፊ ባዶ ሜዳ ይተርፋል። መከላከያው ያንን ሁሉ ቦታ መሸፈን አለበት። ኮሌጅ ላይ ኦፕሽን የሚባለው አጨዋወት እስከ ዛሬ በሕይወት ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ የአርሚን፣ የጦር አካዳሚውን ቡድን ነው የምጫወተው። ትሪፕል ኦፕሽን። ይሄን ላልሞከራችሁ ላስረዳ። አንድ የመከላከያ ተጫዋች ሆን ብለህ ማንም ሳያግደው ትተወዋለህ። ኳሱን ፉልባኩ፣ ከኋላህ ያለው ሯጭ፣ ሆድ ላይ ታስጠጋና ያንን ሰውዬ ታየዋለህ። እሱ ወደ ፉልባኩ ካጋደለ ኳሱን ስበህ ትወጣለህ። ቦታው ላይ ከቆመ ለፉልባኩ ትለቅለታለህ። ስበህ ከወጣህ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ይጠብቅሃል። እሱ አንተን ሊይዝ ከመጣ ከጎንህ ለሚሮጠው ትወረውራለህ። ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ነው። ጌሙ ይሄን በትክክል ካላመጣ፣ የፈለገውን ያህል ስታዲየሙን ያሳምር፣ ለኔ ምንም ነው።

ሌላም አለ። በኮሌጅ አንድ እግር መስመር ውስጥ ካረፈ ቅብሉ ይጸድቃል፤ ፕሮ ላይ ሁለት እግር ነው። በኮሌጅ ማንም ሳይነካህ ጉልበትህ መሬት ከነካ አለቀ። ትርፍ ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቡድን ከ25 ያርድ ይጀምራል። እኔ ኳርተሩን 12 ደቂቃ አድርጌ፣ ሰዓቱን የሚያፈጥነውን ምርጫ አብርቼ ነው የምጫወተው። እንደዛ ሳደርግ የሙከራው ብዛትና የሩጫው ያርድ ቅዳሜ ቴሌቪዥን ላይ ከማየው ጋር ይቀራረባል። የውጤቱ ዝርዝር ላይ 700 ያርድ ሳይ ይከፋኛል። አርሚ እንደዛ አይጫወትም።

ሚኒያፖሊስ_ሰላም፦

ለኔ የቡድኖቹ አገባብ ነው! የክሌምሰን ልጆች ያቺን ድንጋይ ነክተው ከኮረብታው ሲወርዱ፣ የሚሺጋን ልጆች እየዘለሉ ባነሩን ሲነኩ፣ የቦይሲ ሰማያዊ ሜዳ። አንዴም ዘልዬው አላውቅም። ባለቤቴ «መቼ ነው ጨዋታው የሚጀመረው» ትለኛለች። ጀምሯል እላታለሁ።

ቃልኪዳን_ሲያትል፦

የሁላችሁንም አነበብኩ። ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን አንድ ነገር ዘለላችሁ። ስም።

የድሮውን ኤንሲኤኤ ፉትቦል 14 የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ2013 ሐምሌ ላይ ነበር የወጣው። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኳርተርባክ ማን ነበር? ጆኒ ማንዚል። ከአንድ ዓመት በፊት፣ ገና አንደኛ ዓመት እያለ ሃይዝማንን፣ የኮሌጁን የኮከብ ተጫዋች ሽልማት፣ የወሰደ ልጅ ነው። ጌሙ ውስጥ ግን «ኳርተርባክ ቁጥር 2» ነበር። ቁጥሩ የሱ ነው፣ ሩጫው የሱ ነው። ስሙ ብቻ የለም።

ያን ክረምት ታላቅ ወንድሜ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ስም ሲጽፍ አስታውሳለሁ። በኮንትሮለር፣ ፊደል በፊደል። ላፕቶፑ ላይ የዋሽንግተንን የተጫዋቾች ዝርዝር ከፍቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ይገለብጣል። እኔ አጠገቡ ሆኜ ቁጥሩን አነብለታለሁ። «ቁጥር 17?» «ኪዝ ፕራይስ» ይላል ሳያይ። አንድ ቡድን ለመጨረስ ምሽቱ ያልቃል። ሌሎቹን ቡድኖች ደግሞ በኢንተርኔት ላይ የማያውቃቸው ሰዎች ጽፈው ያካፍሉ ነበር፤ እሱም የራሱን ያካፍላል። ማንም አልከፈላቸውም። ጨዋታው ውስጥ ያሉት ልጆች በስማቸው እንዲጠሩ ስለፈለጉ ብቻ ነው።

አሁን ሌላውን ጎን እዩ። ኤድ ኦባነን የሚባል የዩሲኤልኤ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። በ1995 ቡድኑን ሻምፒዮን አድርጓል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ጓደኛው ቤት ሄዶ ሳለ የቅርጫት ኳስ ጌም ውስጥ ራሱን አየ። ቁጥር 31፣ ግራ እጁን የሚጠቀም፣ ቁመናው የሱ። ስም የለም። አንድ ሳንቲምም አልደረሰውም። በ2009 ከሰሰ። በዚያው ዓመት ሳም ኬለር የሚባል የኮሌጅ ኳርተርባክም በፉትቦሉ ጌም ምክንያት ከሷል። ነገሩ በፍርድ ቤት ሲጎተት ቆይቶ በመጨረሻ 60 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቹ እንዲከፈል ስምምነት ተደረሰ። 40ው ከጌሙ አምራችና ከፈቃድ ሰጪው ድርጅት፣ 20ው የኮሌጅ ስፖርትን ከሚመራው ከኤንሲኤኤ። ጌሙም ከ2013 በኋላ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።

በ2021 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ኮሌጅ ፉትቦል 25 በ2024 ሐምሌ 19 ሲመለስ ለፈረመ ተጫዋች ሁሉ 600 ዶላርና የጌሙ ቅጂ ተሰጠው። ከአሥር ሺህ በላይ ልጆች ፈረሙ። ያልፈረመ ጌሙ ውስጥ የለም። የቴክሳሱ ኳርተርባክ አርክ ማኒንግ መጀመሪያ አልፈርምም ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ቴክሳስ ያለሱ ነበር የተዘጋጀው። በኋላ ሲፈርም ነው የገባው።

ለኔ ትልቁ እውነት ይሄ ነው። ልጁ ተጠይቆ፣ እሺ ብሎ፣ ተከፍሎት ነው እዚያ ያለው። ተንታኙ ስሙን ሲጠራ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ድሮ የምንጫወተው ጥላ ነበር።

የኮሎምበሱ፦

ቃልኪዳን፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ወንድምሽ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ስም ሲጽፍ ታየኝ። እኔም 14ን ተጫውቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ስላልነበረ አሮጌው ኤክስቦክስ እንዳይበላሽብኝ እንደ ዕቃ ቤት ቁልፍ ነበር የምጠብቀው። ግን ስለ ስሞቹ እንደዚህ አስቤበት አላውቅም ነበር።

ከልብ ልጠይቅሽ፤ 600 ዶላር በቂ ነው ትያለሽ?

ቃልኪዳን_ሲያትል፦

ለብዙዎቹ አይመስለኝም። 26 ላይ 1,500 አድርገውታል። ኦሃዮ ስቴት ላይ የሚሰለፍ ኮከብና አንድ ጨዋታ ያልገባ ተቀያሪ እኩል ነው የሚከፈላቸው፤ ይሄ ደግሞ ተቀያሪውን ስለጠቀመ ደስ ይለኛል። እሱም ስሙ አለ። እናቱ ከፍታ ታየዋለች።

አሁንም ግን ጌሙ የሚፈራው ነገር አለ። በ2025 ሰኔ የጸደቀው ስምምነት ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ለተጫዋች እንዲከፍሉ ፈቅዷል። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ትምህርት ቤት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። ዛሬ አንድ ልጅ ቡድን ሲመርጥ ከሚጠይቃቸው ዋና ጥያቄዎች አንዱ ስንት ነው የሚለው ነው። ዳይናስቲ ውስጥ ግን ለምትመለምለው ልጅ ገንዘብ ማቅረብ አትችልም። ስለ ስታዲየሙ፣ ስለ አሰልጣኙ፣ ስለ ትምህርቱ ታወራዋለህ። ብሩ የለም። እውነት ነው ካልን እሱም ይግባ።

ቴዲ_አትላንታ፦

እኔ በሌላ በኩል ልናገር፤ እንዳትቆጡኝ። እውነት እውነት ስትሉ ጨዋታነቱን እየገደላችሁት ነው።

እኔ ሥራ ውዬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ቤት የምገባው። ኮንትሮለር ስይዝ መሮጥ፣ መወርወር፣ ማግባት ነው የምፈልገው። ዳይናስቲ ስከፍት ምን ይጠብቀኛል? ምልመላ። በሳምንት የተመደበልኝ ሰዓት አለ። ለዚህ ልጅ አሥር፣ ለዚያኛው ሃያ አምስት፣ አንዱን ደግሞ ግቢ እንዲጎበኝ መጥራት። ሲዝኑ ሲያልቅ ተጫዋቾች ትምህርት ቤት የሚቀይሩበት ትራንስፈር ፖርታል ይከፈታልና ያሳደግኩት ልጅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ይሄ ሁለተኛ ሥራ ነው። ደሞዝ የለው።

ደግሞ በየዓመቱ 70 ዶላር። ስታዲየሙ ያው፣ ሩጫው ያው። ለምን አንድ ጥሩ ጌም ሠርተው አምስት ዓመት አይተዉልንም?

የኮሎምበሱ፦

ቴዲ፣ የድካሙ ነገር ይገባኛል። እኔም ማታ ነው የምጫወተው። ስለ ዋጋውም ልክ ነህ፤ 70 ዶላር ብዙ ነው። «በየዓመቱ» የሚለው ላይ ግን እንከራከር።

ለሌላ ስፖርት ብትለኝ እስማማለሁ። አንድ የፕሮ ተጫዋች አንድ ቡድን ውስጥ አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል። ኮሌጅ ግን ራሱ በየዓመቱ የሚታደስ ነገር ነው። ልጁ የሚሰለፈው አራት ሲዝን ነው። ከዚያ ይመረቃል፣ ወይ ፕሮ ይገባል፣ ወይ ኳስ ትቶ ሥራ ይፈልጋል። ቡድኑ ይቀራል፤ ልጆቹ ያልፋሉ። የኮሌጅ ፉትቦል ደስታውም ሐዘኑም እሱ ነው። መስከረም በመጣ ቁጥር ግማሹን ቡድን አታውቀውም። አዲስ ስም ትለምዳለህ። አራት ዓመት ትወደዋለህ። ይሄዳል።

ደግሞ ከ2023 ወደ 2024 ምን እንደተፈጠረ አስብ። ቴክሳስና ኦክላሆማ ኤስኢሲ ወደሚባለው የቡድኖች ማኅበር ሄዱ። ዩኤስሲ፣ ዩሲኤልኤ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን። ፓክ 12 የሚባለው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ማኅበር፣ ሁለት ቡድን ብቻ ቀረው። ሻምፒዮኑ የሚለይበት ፕሌይኦፍ ከአራት ቡድን ወደ አሥራ ሁለት አደገ። በአንድ ዓመት! የአምስት ዓመት ጌም ይዘህ ብትቀመጥ የያዝከው የታሪክ መጽሐፍ ነው።

ፖርታሉ ልጆችህን ሲወስድብህ የሚሰማህ ንዴት ደግሞ፣ ወንድሜ፣ እሱ ራሱ ነው። በእውነት የኬንት ስቴት አሰልጣኝ የሚሆን ሰው የሚሰማው ይሄ ነው። ጎበዝ ልጅ አሳድጎ ለትልቁ ቤት ያስረክባል።

ቴዲ_አትላንታ፦

እሺ፣ የአራት ዓመቱ ነገር አሳምኖኛል። እንደዛ አላየሁትም ነበር። ምልመላው ላይ ግን አልተለወጥኩም። ጌሙ ራሱ እንዲመለምልልኝ ትቼዋለሁ፤ እኔ ቅዳሜውን ብቻ እጫወታለሁ።

ዳላስ_75፦

እሱም መብትህ ነው። ቅዳሜውን ብቻ ከሆነ ግን ኦፕሽን ሞክር። ሰዓቱ ቶሎ ያልቃል፣ ጨዋታው ያጥራል፣ አንተም በጊዜ ትተኛለህ።

ጆርጂያ_አቬኑ፦

ከዲሲ ነኝ። ለብዙ ቀን ሳነብ ቆይቼ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም የናንተ «እውነት» ውስጥ የኔ ትምህርት ቤት የለም።

ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት። የኛ ሰው ሃዋርድን ያውቀዋል። ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩበት ነው። ዛሬም ከግቢው ወጥተህ ትንሽ ከተራመድክ ናይንዝ ስትሪት ላይ ክትፎ ትበላለህ። ሃዋርድ በ2023 በሴለብሬሽን ቦውል ለጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች ሻምፒዮንነት አትላንታ ላይ ተጫውቶ በፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም 30 ለ26 ተሸነፈ። ያን ቀን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር አንድ ሳሎን ውስጥ ተፋፍገን አየነው። ስንሸነፍ ዝም ተባባልን። ማንም ቴሌቪዥኑን ለመዝጋት አልተነሳም።

ጌሙ ውስጥ ያሉት የላይኛው ዲቪዚዮን ቡድኖች ብቻ ናቸው። ከሱ በታች ያሉት፣ ሃዋርድን ጨምሮ፣ በስማቸው የሉም። በነሱ ፋንታ በአቅጣጫ የተሰየሙ ስም የለሽ ቡድኖች አሉ። ትልቁ ቡድን ሲዝን መጀመሪያ ላይ ሃምሳ ነጥብ አስቆጥሮባቸው እንዲያሟሙቅ።

ደግሞ የጥቁር ኮሌጆችን ጨዋታ ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። እረፍት ላይ ማንም ከመቀመጫው አይነሳም። እንዲያውም ያኔ ነው የሚገባው ሰው አለ። ባንዱ ነዋ! የሳውዘርን፣ የጃክሰን ስቴት ባንድ ሲመጣ ከሜዳው ጨዋታ በላይ የሚጠበቀው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ የከበሮው ጓድ አጠገቤ ሲያልፍ ጽዋዬ ውስጥ ያለው ሎሚናት ክብ ክብ እየሠራ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ጌሙ እረፍቱን በጥቂት ሰከንድ ያልፈዋል።

የኮሎምበሱ ስለ ስክሪን መንቀጥቀጥ ሲጽፍ ያቺ ጽዋ ትዝ አለችኝ። ቃልኪዳን ስለ ስም ስትጽፍ ደግሞ «እኛስ?» አልኩ። ስም የለሽ ቡድን ከስም የለሽ ተጫዋች በምን ይለያል?

ቃልኪዳን_ሲያትል፦

በምንም አይለይም። ልክ ነህ። እኔ ራሴ እነዚያን ቡድኖች እየገጠምኩ አስቤው አላውቅም።

ቦሌ_ሚካኤል፦

ሰላም፣ እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ፉትቦሉን በደንብ አላውቀውም፤ እዚህ ፕሌይስቴሽን ቤት የምንጫወተው የእግር ኳሱን ነው። ግን ክሩን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ለጀማሪ ይከብዳል? በኮምፒውተርስ ይሠራል?

ዳላስ_75፦

እንኳን ደህና መጣህ። 26 በኮምፒውተር የለም፤ ፕሌይስቴሽን 5 ወይም ኤክስቦክስ ሲሪስ ያስፈልግሃል። መጀመሪያ ፍሬሽማን በሚለው ደረጃ ጀምር። ለየሙከራው ስልት ስትመርጥ አሰልጣኙ የሚጠቁምህን ውሰድ። ሩጫ ብቻ። አራት ሙከራ፣ አሥር ያርድ፣ ይሄ ብቻ ይግባህ። ሌላው ራሱ ይመጣል። ካላወቅከው አንድ ቡድን ምረጥና ከሱ ጋር ቆይ፤ ቡድን አትቀያይር።

የቢኒ አባት፦

ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። ቦሌ ሚካኤል ያለው ልጅ የጠየቀው ጥያቄ የኔም ጥያቄ ስለነበረ ነው የምጽፈው።

አሜሪካ ከመጣሁ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ፉትቦል የሚሉትን ነገር ለብዙ ዓመት አልወደድኩትም። ሮጥ ይሉና ይቆማሉ። ተሰብስበው ያወራሉ። እንደገና ሮጥ ይላሉ። ኳስ እንደ ውሃ መፍሰስ አለባት ብዬ ነው ያደግኩት። ልጄ ግን ወደደው። አንድ ቀን «አባዬ፣ ና አጠገቤ ተቀመጥ» አለኝ። ጌሙን አቆመውና በጣቱ ስክሪኑ ላይ አሳየኝ። «ይሄ ሰውዬ ወደ ውስጥ ከመጣ ቦታው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ኳሱ እዚያ ይሄዳል።» ከዚያ አጫወተው። ሰውዬው ወደ ውስጥ መጣ። ኳሱ ባዶው ቦታ ላይ ደረሰ። የሚቆሙት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሲቆሙ ነው የሚያስቡት። ጌሙ ውሸት ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ቴሌቪዥን ስከፍት ያንኑ ነገር አላየውም ነበር። ግን አየሁት። ያው ነበር። ቁጭ ብዬ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቢኒ አሁን ኮሌጅ ገብቷል፤ ከኛ ቤት የአሥር ሰዓት መንገድ። በኢንተርኔት አብረን ዳይናስቲ ይዘናል፤ እሱ አንድ ቡድን፣ እኔ ሌላ። ምልመላውን እኔ እወደዋለሁ፤ ቴዲ ይቅር ይበለኝ። አንድ ልጅ ነበር። ባለ አራት ኮከብ፣ ፈጣን። እያንዳንዱ ተመልማይ የማይደራደርበት አንድ ነገር አለው። ለአንዱ ቶሎ መሰለፍ ነው፣ ለአንዱ ፕሮ መግባት። የዚህ ልጅ «ለቤት ቅርበት» ነበር። የኔ ቡድን ከቤቱ ሩቅ ነው። ለቤተሰቡና ለጓደኞቹ ደውል የሚል ምርጫ አለ፤ አንድ ሁለት ሳምንት ሰዓቴን እዚያ ላይ አፈሰስኩ። ከዚያ ተውኩት። ከእናቱ አጠገብ መሆን ከፈለገ ለምን አስቸግረዋለሁ ብዬ። ቢኒ በስልክ «አባዬ፣ ጌም እኮ ነው» አለኝ። እኔ ግን ልጁ ውስጥ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ።

የኮሎምበሱ፦

ጋሼ፣ እንኳን ጻፉልን። ሌላ የምጨምረው የለኝም። ልጁ መጨረሻ ላይ የት ገባ? ይንገሩን እስቲ።

የቢኒ አባት፦

ከቤቱ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ገባ። ባለፈው ሳምንት ገጠመን። ሁለት ተችዳውን አገባብን።

ቢኒ ለታንክስጊቪንግ ይመጣል። ኮንትሮለሩን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ።